ጣሪያችሁ ላይ የሚያርፈው ሞገድ ስንት ሳንቲ ሜትር ነው?

ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ቆማችሁ የጎረቤት ሕንጻዎችን ዲሽ እዩ። አንዳንዶቹ ቀጥ ብለው ቆመው ወደ ምዕራብ፣ ወደ ወጨጫ ተራራ ያፈጣሉ። ሌሎቹ ወደ ኋላ ጋደም ብለው በምሥራቅና በደቡብ መሃል ያለውን ሰማይ ያያሉ። ከሰፈሩ ወጣ ብሎ ባሉት የድሮ ቆርቆሮ ቤቶች ላይ ደግሞ ዝገት የበላው ባለ ብዙ ዘንግ አንቴና አልፎ አልፎ ይገኛል። እሱ ፊቱን ያዞረው በስተደቡብ የቴሌቪዥን ማሰራጫ ወዳለበት ፉሪ ተራራ ነው።

ሁሉም የሚጠብቁት ሞገድ ነው። ግን አንድ ዓይነት ሞገድ አይደለም። የዜና አንባቢው ፊት ከስቱዲዮ ተነስቶ ዓይናችን ውስጥ እስኪገባ ድረስ ከአንዱ ሞገድ ወርዶ ሌላው ላይ ሲሳፈር ነው የሚመጣው። የሁሉም ሞገድ አመል ደግሞ ከርዝመቱ ጋር የተያያዘ ነው። በክረምት ዶፍ ሲወርድ ምስሉ ለምን ይጠፋል? የጎረቤት አዲስ ፎቅ ለምን ቻናል ይነጥቃል? አንቴናው ለምን ትልቅ፣ ሪሞቱ ላይ ያለችው መብራት ለምን ትንሽ ሆነች? ርዝመቱን ካወቃችሁ ግማሹን መልስ ይዛችኋል። ስለዚህ በሳንቲ ሜትር እናውራ።

በሽቦ ውስጥ የኤሌክትሪክ ጅረት ወዲያና ወዲህ ሲመላለስ፣ በዙሪያው የኤሌክትሪክና የማግኔት መስክ አብሮ ይርገበገባል። ይህ መርገብገብ እዚያው ሽቦው ላይ አይቀርም። ተላቅቆ ይሄዳል። አየር አያስፈልገውም፣ ባዶ ሕዋም አያግደውም። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ክላርክ ማክስዌል ይህን እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ በሂሳብ አሳየ። ጀርመናዊው ሃይንሪሽ ኸርዝ ደግሞ በ1880ዎቹ መጨረሻ በቤተ ሙከራው በተግባር አረጋገጠ። ሪሲቨራችሁ ላይ ያለው ሜጋኸርዝ፣ ማለትም በሰከንድ አንድ ሚሊዮን መርገብገብ፣ ስሙን ያገኘው ከእሱ ነው።

የሬዲዮ ሞገድ፣ ዋይፋይ፣ የሪሞት ጨረር፣ የአምፖል ብርሃን፣ ሁሉም የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ፍጥነታቸው እኩል ነው፤ በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ገደማ። የሚለያያቸው በሰከንድ ስንት ጊዜ ይርገበገባሉ የሚለው ነው። ቶሎ ቶሎ የሚርገበገበው አጭር ይሆናል፣ ቀስ የሚለው ይረዝማል። ርዝመቱን ለማወቅ 300ን በሜጋኸርዙ ቁጥር አካፍሉ። መልሱ በሜትር ይወጣል። 100 ሜጋኸርዝ ላይ ያለ የኤፍኤም ጣቢያ ሞገዱ 3 ሜትር ነው። ከዚህ የከበደ ሂሳብ አይመጣባችሁም።

ከፉሪ እንጀምር። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር፣ ከዚያም በአብዮቱ 10ኛ ዓመት በዓል ሰሞን ቀለም ሲገባለት፣ ምስሉ ቤታችን የሚደርሰው ከምድር ማሰራጫ ነበር። ሞገዱ ቪኤችኤፍ ከሚባለው ወገን ነው። 200 ሜጋኸርዝ ላይ ያለ የቪኤችኤፍ ሞገድ 1 ሜትር ተኩል ይረዝማል። አንቴና ደግሞ ደህና አድርጎ የሚቀበለው ዘንጉ የሞገዱን ግማሽ ሲያክል ነው፤ እዚህ ላይ 75 ሳንቲ ሜትር ማለት ነው። የድሮ አንቴናዎች ክንዳቸውን ዘርግተው ጣሪያውን የሞሉት ለዚህ ነው።

ያንን ባለ ብዙ ዘንግ አንቴና እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ የፈጠሩት ሺንታሮ ኡዳ እና ሂደትሱጉ ያጊ የሚባሉ ጃፓናውያን ናቸው። ከዘንጎቹ ውስጥ ገመዱ የተያያዘው አንዱ ላይ ብቻ ነው። ሌሎቹ ከምንም ጋር አልተገናኙም። ሥራ የፈቱ ቢመስሉም አጋዦች ናቸው። ከኋላ ያለው ረዘም ይልና ሞገዱን ወደፊት ይመልሳል። ከፊት ያሉት አጠር አጠር እያሉ ወደ ውስጥ ይስባሉ። ስለዚህ አጫጭሮቹ ዘንጎች ናቸው ወደ ጣቢያው ማየት ያለባቸው። ስንት ሰው ገልብጦ ሰቅሎት ኖሯል!

ጣሪያ ላይ ወጥቶ ማዞሩን የዚያ ዘመን ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። አባት ከላይ፣ ልጅ ከመስኮት።

«አሁንስ?»

«ትንሽ ወደ ግራ፣ አባዬ! መጣ መጣ... ኧረ ጠፋ!»

አባት እጃቸውን ከአንቴናው ሲያነሱ ምስሉ የሚጠፋው ሰይጣን ገብቶበት አይደለም። የሰው ገላ ውሃና ጨው ነው፤ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። አንቴናውን ስትይዙት የአንቴናው አካል ትሆናላችሁ። ስትለቁት ደግሞ ሌላ አንቴና ይሆናል።

ማሰራጫው ተራራ ላይ የሚተከለው የቴሌቪዥን ሞገድ ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ ነው። አጭር ሞገድ የሚባለው ሬዲዮ (ስሙ ነው እንጂ ከቴሌቪዥኑ ሞገድ ይረዝማል) ወደ ላይ ተወርውሮ ከከባቢ አየሩ ላይኛ ክፍል ነጥሮ ይመለሳል። የውጭ ጣቢያዎችን አማርኛ ዜና ገጠር ድረስ ያደረሰው ይህ ነው። የቴሌቪዥን ሞገድ ግን ያንን ክፍል በስቶ ይወጣና በዚያው ይቀራል። ስለዚህ ማሰራጫውና አንቴናው መተያየት አለባቸው፤ ቢያንስ በግምት። ፉሪ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ አለው። ከዙሪያው 500 ሜትር ከፍ ያለ ማሰራጫ ምንም ካልጋረደው ሜዳ ላይ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ይደርሳል። አዲስ አበባ ዙሪያ ግን ሜዳ ብቻ አይደለም። ከኮረብታ ጀርባ የሠፈረ ሰው ለማሰራጫው ቅርብ ሆኖም ምስል ሊያጣ ይችላል። ደግነቱ ረጅም ሞገድ ጥግ ላይ ትንሽ ይታጠፋል። የ1 ሜትር ተኩሉ ሞገድ የጉብታን አናት ታክኮ ትንሽ ወደ ታች ይወርዳል። ሞገዱ ሲያጥር ይህ ችሎታው ይቀንሳል። ይህን ያዙልኝ፣ ዲሽ ላይ ስንደርስ እንፈልገዋለን።

ለመሆኑ ምስል እንዴት ነው ሞገድ ላይ የሚወጣው? ሞገዱን ከሰበታ መንገድ ጤፍ ጭና እንደምትመጣ አህያ አስቡት። ሸማቹ የሚፈልገው ጤፉን ነው። ያለ አህያዋ ግን ጤፉ ገበያ አይደርስም። ጣቢያው ሁልጊዜ የሚለቀው ተሸካሚ ሞገድ አለ፤ ምስሉና ድምፁ እሱ ላይ ይጫናሉ። ቤታችሁ ሲደርስ መሣሪያው ጭነቱን አራግፎ አህያዋን ይሸኛል። በድሮው አሠራር ጭነቱ የሞገዱ ጉልበት ከፍና ዝቅ ማለት ነበር። እኛ ዘንድ ይሠራበት የነበረው ፓል ስልት ምስሉን በ625 መስመር ይሸነሽነዋል። በየመስመሩ ያለው ብርሃንና ጨለማ የሞገዱን ጉልበት ይለዋውጣል፤ ይህ በሰከንድ 25 ጊዜ ለሙሉ ምስል ይደጋገማል።

ጣቢያው ሲዘጋ ይመጣ የነበረው ሹሹታና ነጭ ጥቁር ነጠብጣብ ደግሞ ጭነት የሌለው ጫጫታ ነው። ከመብረቅ፣ ከሞተር፣ ከቴሌቪዥኑ ከራሱ ሰርኪዩት ይመጣል። ጥቂቱ ግን የሚመጣው ከጽንፈ ዓለም ልደት ከተረፈው ጨረር ነው። ይህን ጨረር አርኖ ፔንዚያስ እና ሮበርት ዊልሰን አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1964 አንቴናቸው ላይ ሰሙት። በዚያው ዓመት ነው አዲስ አበባ ቴሌቪዥን ማየት የጀመረችው። እኛ ግን «ኤጭ» ብለን እናጠፋው ነበር።

አሁን ወደ ዲሹ። ሪሲቨር ያለው ሰው ሁሉ አንድ ቀን «11105፣ ኤች፣ 45000» የሚል ነገር ከጓደኛ ተቀብሎ አስገብቷል። ለኢትዮሳት ቻናሎች ሲባል ብዙ ሰው በቃሉ የያዘው ነው። ምን እንዳስገባ ግን የሚያውቀው ጥቂቱ ነው። እንፍታው።

11105 ሜጋኸርዝ ነው። 300ን አካፍሉ፤ 2.7 ሳንቲ ሜትር። ከፉሪ የሚመጣው ሞገድ ከልጅ ቁመት ይበልጣል፤ ይሄኛው የአውራ ጣት ግማሽ ያህል ነው። ተመሳሳይ ነገር ናቸው፤ ባሕርያቸው ግን አይገናኝም።

ኤች ማለት ሞገዱ የሚርገበገበው አግድም ነው ማለት ነው። ቪ ከሆነ ሽቅብና ቁልቁል። በአንድ ፍሪኩዌንሲ፣ ማለትም በአንድ የሜጋኸርዝ ቁጥር፣ ላይ አንዱን ጭነት አግድም፣ ሌላውን ሽቅብ አድርጎ መላክ ይቻላል፣ አይነካኩም። ሳተላይቱ በዚህ ብልሃት ቦታውን እጥፍ ያደርጋል። 45000 ደግሞ የጭነቱ ፍጥነት ነው፤ በሰከንድ 45 ሚሊዮን ምልክት። በዲጂታል ስልት ሞገዱ መርገብገቡን የሚጀምርበት ነጥብ ወደፊትና ወደኋላ ይገፋል፤ እያንዳንዱ ግፊት አንድ ምልክት ነው። አንዱ ምልክት ሁለት ወይም ሦስት የ0 እና የ1 ቁጥር ይይዛል። ድራማው ሁሉ ከእነዚህ ነው የሚሠራው።

ይህን የሚልከው ሳተላይት ስሙ ኢትዮሳት አይደለም። ኢትዮሳት የስርጭቱ መጠሪያ ነው። ብረቱ ኤንኤስኤስ-12 ይባላል፣ ንብረትነቱም የሉክሰምበርጉ ኤስኢኤስ ኩባንያ ነው። በ57 ዲግሪ ምሥራቅ፣ ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ላይ ይገኛል። ከፍታው እንዲሁ አልተመረጠም። እዚያ ላይ ያለ ነገር ምድርን የሚዞረው ምድር ራሷን በምትዞርበት ጊዜ ልክ ነው። ስለዚህ በሰከንድ 3 ኪሎ ሜትር እየበረረ ለእኛ የቆመ ይመስላል። ባይሆን ኖሮ ዲሹን ቀኑን ሙሉ የሚያዞር ሰው መቅጠር ነበረብን።

ከአዲስ አበባ ሲታይ ይህ ሳተላይት ከአድማስ 66 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ፣ ከምሥራቅ ትንሽ ወደ ደቡብ ያዘነበለ ነው። ሌላው ሳተላይት፣ ናይልሳት፣ ያለበት 7 ዲግሪ ምዕራብ ደግሞ በስተምዕራብ 37 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ይገኛል። ጣሪያችን ላይ ያሉት ሁለት አቅጣጫዎች እነዚህ ናቸው። የሀገር ውስጥ ጣቢያዎች ወደ ኢትዮሳት ሲዞሩ ብዙ ቤት ሁለተኛ ዲሽ የገዛው፣ ወይም የድሮውን ነቅሎ ያዞረው ለዚህ ነው። ዩቲዩብ ላይ የአውሮፓ ሰዎች «ዲሹን ወደ ደቡብ አዙሩ» ሲሉ ብትሰሙ እንዳትከተሏቸው። እነሱ ከምድር ወገብ በጣም ርቀው ነው ያሉት። እኛ 9 ዲግሪ ላይ ነን፤ ሳተላይቱ አናታችን አካባቢ ነው።

አንድ የሚያደናግር ነገር አለ። ቀጥ ብሎ የቆመው የናይልሳት ዲሽ ግድግዳ የሚያይ ይመስላል፣ ሰማይ የሚያይ አይመስልም። የእኛ ዲሾች የትልቅ ጎድጓዳ ሳህን አንድ ጎን ተቆርጦ የተሠሩ ናቸው። ከዲሹ ፊት ሆኖ ሞገዱን የሚቀበለው ትንሽ መሣሪያ፣ ኤልኤንቢው፣ መሃል ላይ ሳይሆን ወደ ታች ያለው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ዲሹ በትክክል የሚያየው ፊቱ ካመለከተበት ከ20 ዲግሪ በላይ ወደ ላይ ነው። ቀጥ ያለው በእርግጥ ሽቅብ እያየ ነው። ጋደም ያለው ደግሞ ከምታስቡት በላይ ሽቅብ ያያል።

ከሳተላይቱ የሚለቀቀው ጉልበት ለአንድ ማሰራጫ መስመር 100 ዋት አልፎ ትንሽ ነው። እሱም ግማሽ አህጉር ላይ ይበተናል። እኛ ጋ ሲደርስ የቀረው ከምንም የማይቆጠር ነው። የዲሹ ሥራ ሰፋ ባለ ቦታ ላይ የወረደውን ሁሉ ወደ አንድ ነጥብ መሰብሰብ ነው። ቅርጹ ፓራቦላ ይባላል፤ ቀጥታ የመጣውን ሁሉ አንድ ቦታ ላይ ያገናኛል። ኤልኤንቢው እዚያ ነጥብ ላይ ይጠብቃል።

ዲሽ ላይ ትንንሽ ቀዳዳ ቢኖር ግድ የለም። ሞገዱ 2.7 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ ጥቂት ሚሊ ሜትር ቀዳዳ አያየውም። አሮጌ ሆቴሎች ጣሪያ ላይ ያሉት ግዙፍ የወንፊት ዲሾች የሚሠሩት ለዚህ ነው። እጥፋት ግን ይጎዳል። ልጆች ኳስ መትተውት የጎበጠ ዲሽ የተሰበሰበውን ሞገድ ከኤልኤንቢው ያሳስተዋል። ስለዚህ ዲሽ ሲገዛ ዝገትና ቀለም ከማየት ይልቅ ጠርዙን በዓይን አስተካክሎ ማየት ይሻላል።

ኤልኤንቢው ራሱ ትንሽ ተአምር ነው። 11 ሺህ ሜጋኸርዝ የሚርገበገብ ነገር በቤት ኬብል ውስጥ አይዘልቅም፤ ጥቂት ሜትር ሄዶ ይሞታል። ኤልኤንቢው የራሱን 9750 ሜጋኸርዝ አመንጭቶ ከመጣው ጋር ያደባልቀዋል። ልዩነታቸው ይወጣል፤ 11105 ሲቀነስ 9750፣ 1355 ሜጋኸርዝ። ይህን ኬብሉ ይችለዋል። ሪሲቨሩ ምናሌ ላይ «9750/10600» የሚለው ቁጥር ይህ ነው። ከ11700 ሜጋኸርዝ በላይ ላሉ ቻናሎች ኤልኤንቢው 10600ን ይጠቀማል።

ለኤልኤንቢው መብራት የሚሰጠው ማነው? ሪሲቨሩ ነው፤ በዚያው ኬብል። አግድም ሞገድ ሲፈልግ 18 ቮልት ይልካል፣ ሽቅቡን ሲፈልግ 13 ቮልት። 10600ን ሲፈልግ በሰከንድ 22,000 ጊዜ የምትርገበገብ ትንሽ ምልክት ይጨምራል። ሁለት ዲሽ በአንድ ሪሲቨር የምትጠቀሙ ከሆነ መሃል ያለው ስዊችም ትእዛዙን የሚቀበለው በዚችው ምልክት ነው። እንግዲህ ኬብሉ ጫፍ ላይ ውሃ ሲገባ ምን እንደሚበላሽ አስቡ። የቪ ቻናሎች እየመጡ የኤች ቻናሎች ብቻ ከጠፉ ብዙ ጊዜ 18ቱ ቮልት አልደረሰም ማለት ነው። ዲሹን አትነካኩት። ኮኔክተሩን ፈታችሁ ሽቦው አረንጓዴ ሻጋታ ይዞ እንደሆነ እዩ።

ኤልኤንቢው ዲሹ ላይ ዘመም ብሎ መታሰሩም ከአግድምና ሽቅቡ ጋር የተያያዘ ነው። ሳተላይቱ ላይ አግድም የሆነው ነገር ለእኛ አግድም አይደለም። ምድር ክብ ናት፣ እኛም ከሳተላይቱ ወደ ጎን ነን። ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ማዘንበሉ በጣም ይበዛል። ጎበዝ ዲሽ ሠሪ መጨረሻ ላይ ኤልኤንቢውን ጣት ለጣት እያዞረ ጥራቱን የሚያየው ለዚህ ነው። ይህን ሳያደርግ የሚወርድ ካለ ሂሳብ አትክፈሉት ባልልም፣ ሻዩን አዘግዩበት።

የዲሽ ጠላቶች ብዙ ናቸው። የመጀመሪያው ክረምት ነው። የዝናብ ጠብታ ጥቂት ሚሊ ሜትር ነው። ለ1 ሜትር ተኩሉ ሞገድ እንደሌለ ይቆጠራል። ለ2.7 ሳንቲ ሜትሩ ግን ይታያል፤ ይበትነዋል፣ ይመጠዋልም። ነሐሴ ላይ ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ሲከፈት ምስሉ መጀመሪያ ይቆራረጣል፣ ከዚያ ጭራሽ ይሄዳል። ዲሹ አልተንቀሳቀሰም። ዝናቡ ሲያባራ ይመለሳል። በዶፉ መሃል ጣሪያ ላይ መውጣት ትርፉ መንሸራተት ነው። መጠነኛ ዝናብ በመጣ ቁጥር የሚጠፋ ከሆነ ግን ዲሹ ከመጀመሪያውም በደንብ አልተነጣጠረም፤ ትርፍ የለውም ማለት ነው።

የኮንዶሚኒየም ልብስ ማስጫም አለ። ሞገዱ ደረቅ ሻሽ ያልፋል። እርጥብ ጋቢ ግን አያልፍም፤ ውሃ እንዲህ ያለውን ሞገድ ይውጠዋል። «ዛሬ ቴሌቪዥን እምቢ አለ» የሚባለው ቅዳሜ ጠዋት ከሆነ መጀመሪያ በረንዳውን እዩ።

ሦስተኛው ጎረቤት ነው። ከጀሞ ወጣ ባሉት ሰፈሮች በየዓመቱ አዲስ ፎቅ ይበቅላል። አንድ ወዳጄ ዘንድ የመጣ ወጣት ዲሽ ሠሪ ወደ ላይ ወጥቶ ዙሪያውን አይቶ ወረደና «ጋሼ፣ ዲሹስ ደህና ነው፤ ያስቸገረን ጎረቤት ነው» አለው። ልክ ነበር። ናይልሳት 37 ዲግሪ ላይ ስለሆነ፣ ከዲሹ 10 ሜትር የራቀ ሕንጻ ከዲሹ በላይ 7 ሜትር ተኩል ከፍ ካለ ይጋርደዋል። ሁለት ፎቅ ጨምሯል ማለት ነው። ለኢትዮሳት ግን በዚያው ርቀት ከ20 ሜትር በላይ ከፍ ማለት አለበት። ስለዚህ አንዱ ዲሽ ሲጠፋ ሌላው ደህና የሚሠራው ሞልቷል። ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁ ነገር እዚህ ይመጣል፤ ይህ አጭር ሞገድ ጥግ ላይ አይታጠፍም። መፍትሔው ዲሹን ከፍ ማድረግ ወይም ወደ ሌላ ጥግ ማዛወር ብቻ ነው። የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር መደበቅም አያዋጣም። ቆርቆሮ ለሬዲዮ ሞገድ መስታወት ነው፤ ይመልሰዋል።

አራተኛውን ብዙ ሰው አያውቀውም። ፀሐይ ናት። ፀሐይ ብርሃን ብቻ አትለቅም። በሬዲዮ ሞገድም ትጮኻለች። በዓመት ሁለት ጊዜ ከሳተላይቱ ጀርባ በትክክል ታልፋለች። ለአዲስ አበባ ይህ የሚሆነው መጋቢት 7 ገደማ እና መስከረም 17 ገደማ ነው፤ መስቀል ላይ! ያኔ ዲሹ ሳተላይቱን ሲያይ ፀሐይንም አብሮ ያያል፤ ጫጫታዋ ምልክቱን ይውጠዋል። የኢትዮሳት ዲሽ ላይ ረፋድ 5 ሰዓት አካባቢ፣ የናይልሳት ዲሽ ላይ ከሰዓት 10 ሰዓት አካባቢ ለጥቂት ደቂቃ ምስሉ ይጠፋል። ለጥቂት ቀናት ይደጋገማል፣ ያልፋል። ዝናብ የለ፣ ንፋስ የለ፣ መብራት አለ፤ ቴሌቪዥኑ ግን ጭጭ። ሠሪ አትጥሩ። ይልቅ ይህን ቀን ተጠቀሙበት። በዚያች ሰዓት ፀሐይዋ ዲሹ ላይ ሙሉ በሙሉ ካረፈች ዲሹን የሚጋርደው ነገር የለም። የዛፍ ወይም የግድግዳ ጥላ ከወደቀበት ደግሞ የሚጋርደውን አገኛችሁት።

ዲጂታል ስርጭት ከድሮው የሚለይበት አንድ አመል አለው። የድሮው ምልክት ሲደክም ምስሉ ቀስ እያለ ይደበዝዝ ነበር። ሰው በጭጋግ ውስጥም ቢሆን ኳስ ያይ ነበር። ዲጂታሉ ስህተቱን ራሱ እያረመ ይቆያል። ማረም ከሚችለው በላይ ሲሆን ምስሉ ሳጥን ሳጥን ይሆናል፣ ከዚያ ድንገት ይወድቃል። ወይ አለ ወይ የለም። ሪሲቨሩ ላይ ካሉት ሁለት መስመሮች ውስጥ ማመን ያለባችሁም ሁለተኛውን፣ ኳሊቲ (ጥራት) የሚለውን ነው። የመጀመሪያው፣ የምልክት ጉልበት የሚባለው፣ ዲሹ ግድግዳ እያየም ደህና ቁጥር ሊያሳይ ይችላል፤ የሚለካው የኤልኤንቢውን የራሱን ጫጫታ ጭምር ነው። ኳሊቲ ዜሮ ከሆነ ምንም አልያዛችሁም።

ዲጂታሉ ያመጣው ሌላ ጣጣ መዘግየት ነው። የዲኤስቲቪ ቤት ታዳሚ «ጎል!» ብሎ ሲጮኽ በስልኩ በኢንተርኔት የሚያየው ልጅ ኳሱ ገና መሃል ሜዳ ላይ ነው። ሳተላይቱ ጋ ወጥቶ መውረድ 72,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ይህ የሩብ ሰከንድ ጉዳይ ነው። የቀረው መዘግየት የሚመጣው ምስሉን ከመጭመቅና ከመፍታት ነው። በኢንተርኔት ሲሆን በዚያ ላይ መጠባበቂያ ይጠራቀማል፤ ግማሽ ደቂቃ ሊሞላ ይችላል። ሞገዱን አትውቀሱት።

ሰዎች ዲሽ ጨረር አለው ወይ ይላሉ። ዲሽ ተቀባይ ነው፣ ወደ እናንተ የሚልከው ነገር የለም። አልጋችሁን ከሥሩ ብታደርጉም ምንም አይሆንባችሁም፤ እንዳይወድቅ ግን አጥብቃችሁ እሰሩት።

አሁን ጭነቱ ተራግፏል፣ ምስሉ ወደ ስክሪኑ ገባ። እዚህ ሞገዱ ድንገት ያጥራል። ብርሃን ነዋ። ከሳንቲ ሜትር ወደ ሚሊ ሜትር፣ ከሚሊ ሜትር ወደ ሚሊ ሜትር ሚሊዮንኛ እንወርዳለን። ይህች ሚሊዮንኛ ናኖ ሜትር ትባላለች። ቀይ 630 አካባቢ ነው፣ አረንጓዴ 530፣ ሰማያዊ 450። ሙሉ ኤችዲ ስክሪን 2 ሚሊዮን ነጥቦች አሉት፤ እያንዳንዱ ነጥብ እነዚህ ሦስት ቀለማት ብቻ አሉት። ሌላ ቀለም የለውም።

ታዲያ ሰንደቅ ዓላማችን ስክሪኑ ላይ ሲውለበለብ ቢጫው ከየት መጣ? ከስክሪኑ ቢጫ ብርሃን አይወጣም። ቢጫው ባለበት ቦታ የሚበሩት ቀይና አረንጓዴ ነጥቦች ናቸው፤ ያው ከላይና ከታች ያሉት ጎረቤቶቹ። ዓይናችን ሁለቱን በአንድ ላይ ሲያይ ቢጫ ነው ብሎ ይደመድማል። ትንሽ የውሃ ጠብታ ስክሪኑ ላይ ብታርፍ እንደ ማጉያ ሆና ነጥቦቹን ታሳያችኋለች። በጣታችሁ ጫፍ ብቻ ሞክሩት፣ አትርጩት።

የአግድምና ሽቅቡ ጨዋታ እዚህም ይመለሳል። ኤልሲዲ ስክሪን ውስጥ ሁለት ስስ ማጣሪያዎች አሉ። አንዱ አግድም የሚርገበገበውን ብርሃን ብቻ ያሳልፋል፣ ሌላው ሽቅቡን ብቻ። በመካከላቸው ያለው ፈሳሽ ክሪስታል በኤሌክትሪክ እየታዘዘ ብርሃኑን ይጠመዝዘዋል። ከጠመዘዘው ያልፋል፣ ነጥቡ ይበራል። ካልጠመዘዘው ይቀራል፣ ነጥቡ ይጠቁራል። ፖላራይዝድ መነጽር፣ ማለትም እንዲህ ያለ ማጣሪያ ያለበት መነጽር፣ ያለው ሰው መነጽሩን አድርጎ ስክሪኑ ፊት አንገቱን ወደ ጎን ሲያዘነብል ምስሉ ይጨልምበታል። ጣሪያ ላይ ኤልኤንቢውን የሚያዞረው ልጅም፣ ይህም ሰውዬ የሚያደርጉት አንድ ነገር ነው።

ድምፁ ብቻ ከዚህ ቤተሰብ አይደለም። ድምፅ አየሩ ራሱ ሲገፋና ሲሳብ ነው፤ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ይሄዳል። ሳተላይቱ ላይ ምንም ድምፅ የለም። እዚያ የደረሰው ቁጥር ብቻ ነው፤ ስፒከሩ ነው ወደ ድምፅ የሚመልሰው።

የቀረው ሪሞት ነው። አብዛኛው ሪሞት የሚጠቀመው 940 ናኖ ሜትር ገደማ የሆነ ኢንፍራሬድ ነው። ከቀይ ትንሽ የረዘመ፣ ዓይናችን የማያየው ብርሃን። ስትጫኑት በሰከንድ 38,000 ጊዜ ያህል ብልጭ ድርግም ይላል፤ ቴሌቪዥኑ የሪሞቱን ብርሃን ከፀሐይና ከአምፖል ብርሃን የሚለየው በዚህ ነው። ብርሃን ስለሆነ ግድግዳ አያልፍም፣ ከግድግዳ ግን ነጥሮ ይመለሳል። ጀርባችሁን ሰጥታችሁ ቻናል መቀየር የምትችሉት ለዚህ ነው። አዳዲሶቹ አንዳንድ ሪሞቶች ብሉቱዝ ናቸው። ብሉቱዝ 12 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሚረዝም የሬዲዮ ሞገድ ስለሆነ ከኩሽና ሆናችሁም ይሠራል። የኢንፍራሬዱ ሪሞት ሲያስቸግራችሁ የስልካችሁን ካሜራ ከፍታችሁ ሪሞቱን ወደ ካሜራው እየጠቆማችሁ ቁልፍ ተጫኑ። የብዙ ስልኮች የራስ ፎቶ ካሜራ ይህን ብርሃን ያያል፤ ሐምራዊ ነጥብ ብልጭ ካለች ሪሞቱ ደህና ነው፣ ችግሩ ቴሌቪዥኑ ጋ ነው። ካልበራች ባትሪ ቀይሩ።